መስመር መቁጠር አይበቃም፦ ክብደት ያለው መረብ ከደብተር እስከ ሞዴል

ስልካችሁ ውስጥ ስንት ቁጥር ተመዝግቧል? አምስት መቶ? ከዚያ በላይ? በየሳምንቱ የምትደውሉላቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እናት፣ የቅርብ ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የእቁቡ ሰብሳቢ። ሌላው ሁሉ እዚያው ተኝቷል። አንድ ሰው መጥቶ ቁጥሮቹን ብቻ ቆጥሮ ቢሄድ፣ እናታችሁንና ከሦስት ዓመት በፊት አንዴ የጠራችሁትን የቧንቧ ሠራተኛ እኩል አደረጋቸው ማለት ነው።

ክብደት ያለው መረብ ይህን ስህተት ያርማል። በዚህ ጽሑፍ ሰውን፣ ከተማን ወይም ባንክን የሚወክለውን ነጥብ ቋጠሮ እለዋለሁ። ሁለት ቋጠሮዎችን የሚያገናኘው መስመር ነው። በየመስመሩ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ ክብደት ይባላል። የጥሪ ደቂቃ፣ የተላከ ብር፣ የመኪና ብዛት፣ የአውሮፕላን ወንበር ሊሆን ይችላል።

መመሪያው መረቡን ከመለካት ተነስቶ፣ ራሱ የሚያድግ ሞዴል እስከ መሥራት ይወስዳችኋል። ግማሹን መንገድ በእስክሪብቶና በደብተር ነው የምንሄደው። ሆን ብዬ ነው። ሶፍትዌሩን ቀድሞ የከፈተ ሰው ምን እንደለካ ሳያውቅ የሚያምር ሥዕል ይዞ ይወጣል። እኔም ይዤ ወጥቼ አውቃለሁ።

ምሳሌያችን የአየር መንገድ መረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አላን ባራ፣ ማርክ ባርተለሚ፣ ሮሙዋልዶ ፓስቶር-ሳቶራስና አሌሳንድሮ ቬስፒኛኒ የዓለምን አየር ማረፊያዎች በዚህ ዓይን አጥንተዋል። የተጠቀሙት የዓለም አቀፉን የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የ2002 ዳታ ነው። በውስጡ 3,880 አየር ማረፊያዎችና 18,810 የቀጥታ በረራ መስመሮች ነበሩ። ያገኙትን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ እጃችንን እናፍታታ።

1. ክብደቱ ምን እንደሆነ ወስኑ

ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን እዚህ ነው። በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን ክብደት በበረራ ብዛት፣ በወንበር ወይም በተሳፋሪ መለካት ይቻላል። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ትንሽ አውሮፕላን አምስት ጊዜ ቢመላለስ አንድ ትልቅ አውሮፕላን በአንዴ የሚጭነውን ላይጭን ይችላል። የ2004ቱ ጥናት የመረጠው ወንበርን ነው።

የጊዜውን ልክም ጻፉ። በሳምንት? በዓመት? መሄጃውና መመለሻው ይለያያል? «መስመር የለም» እና «አልተመዘገበም» የሚሉትን ደግሞ አትደባልቁ። ባዶ ሳጥን ዜሮ አይደለም።

አንዳንዴ ክብደቱ ራሱ ስሌት ይፈልጋል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በጋራ ጽሑፍ ያሳተሙ የሳይንስ ሰዎችንም መረብ አይተዋል። እዚያ አንድ ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ጥንድ የሚሰጠው ክብደት 1 ለጸሐፊዎቹ ብዛት ሲቀነስ አንድ ተካፍሎ ነው። ሁለት ሰዎች ብቻ ከጻፉት ክብደቱ 1 ነው። መቶ ሰው የፈረመበት ከሆነ ለያንዳንዱ ጥንድ የሚደርሰው 1 ለ99 ብቻ ነው። ልክ ነው፤ መቶ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉም ከሁሉም ጋር ሠርቷል ማለት አይቻልም።

2. መስመሮቹን በዝርዝር ጻፉ

ለልምምድ ስድስት ከተሞች እንውሰድ። ቁጥሮቹ በሳምንት የበረራ ብዛት ናቸው እንበል። ከጭንቅላቴ ያወጣኋቸው ናቸው፤ የማንም አየር መንገድ ፕሮግራም አይደሉም።

- አዲስ አበባ – ባሕር ዳር፦ 30
- አዲስ አበባ – ድሬዳዋ፦ 28
- አዲስ አበባ – ጎንደር፦ 24
- አዲስ አበባ – ላሊበላ፦ 14
- አዲስ አበባ – አክሱም፦ 10
- ጎንደር – ላሊበላ፦ 4
- ላሊበላ – አክሱም፦ 4
- ጎንደር – አክሱም፦ 2

በኤክሴል ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ ከ፣ ወደ፣ ክብደት። ትልቅ ሠንጠረዥ ሠርታችሁ ከተማን በከተማ አታባዙ። የዓለምን አየር ማረፊያዎች እንዲህ ብታደርጉ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሳጥን ይወጣል፤ አብዛኛው ባዶ ነው።

3. ቁጠሩ፣ ከዚያ ደምሩ

ለእያንዳንዱ ቋጠሮ ሁለት ቁጥር ያዙ። አንደኛው የመስመሩ ብዛት ነው። ሁለተኛው የመስመሮቹ ክብደት ድምር ነው፤ ይህን ጥንካሬ እንበለው።

አዲስ አበባ 5 መስመርና 106 ጥንካሬ አላት። ጎንደር 3 መስመርና 30። ላሊበላ 3 እና 22። አክሱም 3 እና 16። ባሕር ዳር 1 እና 30። ድሬዳዋ 1 እና 28።

አሁን ባሕር ዳርን ተመልከቱ። አንድ መስመር ብቻ ያላት ከተማ ሦስት መስመር ካላት ጎንደር ጋር እኩል ወጣች። አክሱምን ደግሞ በእጥፍ ገደማ በለጠች። መስመር ብቻ የቆጠረ ሰው ባሕር ዳርን ከዝርዝሩ መጨረሻ ያስቀምጣታል።

ስህተት ካለ እዚሁ ያዙት። የሁሉም ጥንካሬ ድምር የመስመሮቹ ክብደት ድምር ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። የእኛ 232 ነው፤ የመስመሮቹ 116። ልክ መጣ። የእናንተ ካልመጣ ስትደምሩ አንድ መስመር ረስታችኋል ወይም ሁለቴ ቆጥራችኋል፣ ወይም የከተማ ስም በሁለት ዓይነት ፊደል ገብቷል። የአማርኛ ስሞችን የያዘ ዳታ ላይ ሁለተኛው እጅግ የተለመደ ነው። «ባሕር ዳር» እና «ባህርዳር» ለኮምፒውተር ሁለት ከተማ ናቸው።

ዳታችሁ ትልቅ ከሆነ የመስመር ብዛትንና የጥንካሬን ሎጋሪዝም ውሰዱ። የመስመር ብዛትን በአግድም፣ ጥንካሬን በቁመት አድርጋችሁ ነጥብ በነጥብ አስቀምጡና ስሎፑን፣ ማለትም ነጥቦቹ ምን ያህል ሽቅብ እንደሚወጡ፣ አስሉ። ስሎፑ 1 ከሆነ ጥንካሬ የመስመር ብዛትን ተከትሎ ብቻ ያድጋል። በዓለም አየር ማረፊያዎች ላይ የተገኘው ግን 1.5 ገደማ ነው። የመስመሩ ብዛት በእጥፍ ሲጨምር የወንበሩ ብዛት 2.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ትልቅ ማረፊያ መስመሩ መብዛቱ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ መስመሩም ይወፍራል። በሳይንስ ሰዎቹ መረብ ውስጥ ደግሞ 1 አካባቢ ነው የመጣው።

4. ክብደቱ እንዴት እንደተከፋፈለ እዩ

የጎንደር 30 በሦስት መስመር እኩል አልተከፈለም። 24ቱ አንድ መስመር ላይ ነው። ይህን በቁጥር ለማስቀመጥ የእያንዳንዱን መስመር ድርሻ አውጡ፣ በራሱ አባዙ፣ ከዚያ ደምሩ። ለጎንደር ድርሻዎቹ 0.8፣ 0.133 እና 0.067 ናቸው። ውጤቱ 0.66 ገደማ ነው። እኩል ቢከፈል 1 ለ3፣ ማለትም 0.33 ይሆን ነበር። ጎንደር በአንድ መስመር ላይ ተንጠልጥላለች። የአዲስ አበባ ውጤት 0.23 ሲሆን እኩል ቢከፈል 0.20 ነበር። የእሷ የተመጣጠነ ነው።

ሥዕል ለመሳል መረቡ ሲበዛባችሁ ይኸው ሐሳብ ይጠቅማል። «ከ5 በታች ያለውን ሁሉ አጥፋ» ብትሉ የትንንሾቹን ከተሞች መስመር ጠርጋችሁ ታስወጣላችሁ። ሴራኖ፣ ቦጉኛና ቬስፒኛኒ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረቡት ማጣሪያ እያንዳንዱን መስመር በራሱ ቋጠሮ ልክ ይመዝናል። 1 ሲቀነስ የመስመሩ ድርሻ፤ ያንን የመስመሩ ብዛት ሲቀነስ አንድ ያህል ጊዜ በራሱ አባዙት። ጎንደር ከአዲስ አበባ ጋር ያላት መስመር 0.2 በ0.2፣ ማለትም 0.04 ይሰጣል። ድንበራችሁ 0.05 ከሆነ ከሱ በታች ስለሆነ መስመሩ ሥዕሉ ላይ ይቆያል። ጎንደር – ላሊበላ በጎንደር በኩል 0.75 ገደማ፣ በላሊበላ በኩል 0.67 ገደማ ስለሆነ ከሥዕሉ ይወጣል። አንድ መስመር ብቻ ያለውን ቋጠሮ በሌላኛው ጫፍ በኩል ፍረዱት። ይህ ማጣሪያ ለዓይን ነው። ሞዴል ከመለካታችሁ በፊት ዳታውን በሱ አትቁረጡ።

5. ሦስት ማዕዘኖቹ የት ተቀመጡ?

ከአዲስ አበባ ጋር የተገናኙት አምስት ከተሞች አሥር ጥንድ ይሠራሉ። ከአሥሩ እርስ በርስ የተገናኙት ሦስቱ ብቻ ናቸው፦ ጎንደር–ላሊበላ፣ ላሊበላ–አክሱም፣ ጎንደር–አክሱም። እያንዳንዱ የተገናኘ ጥንድ ከአዲስ አበባ ጋር ሦስት ማዕዘን ይሠራል፤ ስለዚህ የሦስት ማዕዘኑ ድርሻ ያለ ክብደት 0.3 ነው።

በክብደት ስትሠሩ ለእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ከአዲስ አበባ የሚወጡትን ሁለት መስመሮች ደምሩ። 24 ሲደመር 14፣ 38። 14 ሲደመር 10፣ 24። 24 ሲደመር 10፣ 34። ጠቅላላው 96። ይህን ለጥንካሬው በ4 ተባዝቶ አካፍሉ፤ 4 የመስመሩ ብዛት ሲቀነስ አንድ ነው። 96 ለ424፣ 0.23 ገደማ።

ከ0.3 አነሰ። ትርጉሙ ሦስት ማዕዘኖቹ የተሠሩት ቀለል ባሉት መስመሮች ላይ ነው። ከባድ የሆኑት የባሕር ዳርና የድሬዳዋ መስመሮች ግን ቀጥ ብለው መጥተው ቀጥ ብለው ይመለሳሉ። በዓለም አየር ማረፊያዎች ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ በክብደት ሲሰላ ከፍ ይላል። ትልልቆቹ ማረፊያዎች እርስ በርሳቸው በወፍራም መስመር ተሳስረዋል።

6. ክብደት ርቀት አይደለም

አንድ ምሽት የአየር መንገድ ዳታ ይዤ «ብዙ መንገድ የሚያልፍበት ቋጠሮ የቱ ነው?» ብዬ ላፕቶፔን ጠየቅሁት። ዋናው ማረፊያ ከታች ተርታ ወጣ። ሁለት ሰዓት ዳታውን ስፈትሽ አመሸሁ። ዳታው ምንም አልሆነም ነበር።

ችግሩ ይህ ነው። አጭር መንገድ የሚፈልጉት የፕሮግራም ትእዛዞች፣ ኔትወርክኤክስ የሚባለውን የፓይተን የመረብ መሣሪያ ጨምሮ፣ ክብደትን እንደ ርቀት ነው የሚያነቡት። ቁጥሩ በበዛ ቁጥር መንገዱ ረዘመ ብለው ያስባሉ። በእኛ ምሳሌ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር በቀጥታ «24» ነው፤ በአክሱም ዞሮ ግን 10 ሲደመር 2፣ «12»። ኮምፒውተሩ በአክሱም አዙሮ ሊወስዳችሁ ነው!

መፍትሔው 1 ለክብደቱ አካፍሎ እሱን እንደ ርቀት መስጠት ነው። ያኔ ከጎንደር ወደ አክሱም በቀጥታ 0.5 ይሆናል፤ በአዲስ አበባ በኩል 0.14። ቦሌ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

7. ከመደነቃችሁ በፊት በውዙት

ያገኛችሁት ነገር ከክብደቱ የመጣ ነው ወይስ ከመስመሮቹ አቀማመጥ ብቻ? ለማወቅ መስመሮቹን እንዳሉ ተዉና ክብደቶቹን እንደ ካርታ በውዛችሁ መልሳችሁ አድሉ። ደረጃ 3ን፣ 4ንና 5ን እንደገና አስሉ። ይህን 100 ወይም 1,000 ጊዜ ድገሙት። የእውነተኛው መረብ ውጤት በብወዛው ውጤቶች መሀል ከወደቀ ምንም አላገኛችሁም። የአየር ማረፊያዎቹ ክብደት ሲበወዝ ስሎፑ ወደ 1 ይመለሳል። 1.5 የሚለው ቁጥር ክብር ያገኘው ለዚህ ነው።

8. ሞዴሉን አሳድጉ

እስካሁን ለካን። አሁን «እንዲህ ያለ መረብ እንዴት ይፈጠራል?» ብለን እንጠይቅ።

ባራባሺና አልበርት እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ታዋቂ ሞዴል «ላለው ይጨመርለታል» የሚል ነው። አዲስ ቋጠሮ ሲመጣ ብዙ መስመር ወዳለው ያዘነብላል። ክብደት ግን የለውም። ባራ፣ ባርተለሚና ቬስፒኛኒ በ2004 ሁለት ነገር ለወጡ። አዲሱ ቋጠሮ የሚመርጠው በጥንካሬ ነው። ሲገናኝ ደግሞ የተመረጠው ቋጠሮ የቀድሞ መስመሮችም ይከብዳሉ።

ሁለተኛው ነው ቁም ነገሩ። ቦሌን አስቡ። ከአንድ አዲስ ከተማ በረራ ቢጀመር ተሳፋሪው ሁሉ አዲስ አበባ አይቀርም። ብዙው ሌላ አውሮፕላን ይሳፈራል። ስለዚህ የድሮዎቹ መስመሮችም ሰው ይጨምራሉ። ይህ ጭማሪ ዴልታ ይባላል። ዴልታ 1 ከሆነ የመጣው ሁሉ ወደ ሌሎቹ መስመሮች አለፈ። ከ1 በታች ከሆነ ከፊሉ ብቻ አለፈ። ከ1 በላይ ከሆነ አዲሱ መስመር ከራሱ የበለጠ እንቅስቃሴ ቀሰቀሰ።

በደብተር እንሥራው፤ ዴልታ 1 ይሁን። ሀ፣ ለ እና ሐ እርስ በርስ ተገናኝተዋል፤ ሁሉም መስመር ክብደቱ 1 ነው። የእያንዳንዳቸው ጥንካሬ 2፣ ድምሩ 6።

ምርጫው እንደ ሎተሪ ነው። ጥንካሬው ያህል ቲኬት ለእያንዳንዱ ስጡ። አሁን ሁሉም እኩል 33 በመቶ ዕድል አለው። መ መጣና ለሀ ወጣ እንበል። ሀ–መ ክብደቱ 1 ሆኖ ይዘረጋል። ከዚያ ዴልታ በሀ የቀድሞ መስመሮች ላይ እንደ ድርሻቸው ይከፈላል። ሀ–ለ 1.5፣ ሀ–ሐ 1.5 ሆኑ። የሀ ጥንካሬ 4፣ የለ 2.5፣ የሐ 2.5፣ የመ 1። ድምሩ 10። የሀ ዕድል ወደ 40 በመቶ አደገ።

ሠ መጣ፤ አሁንም ለሀ ወጣ። ሀ–ለ እና ሀ–ሐ 1.875፣ ሀ–መ 1.25፣ ሀ–ሠ 1። የሀ ጥንካሬ 6፣ ድምሩ 14፣ ዕድሉ 43 በመቶ። ለ እና ሐ ምንም ሳይሠሩ የሀ ጎረቤት በመሆናቸው ብቻ እንደጠነከሩ ልብ በሉ።

ድምሩ በየዙሩ በ4 ነው የሚያድገው። ሕጉ፦ 2 ሲባዛ በአዲሱ ቋጠሮ መስመሮች ብዛት፣ ሲባዛ በ(1 ሲደመር ዴልታ)። ኮድ ስትጽፉ ይህን በየዙሩ አረጋግጡ። ካልመጣ ስህተት አለ። ድምሩ ልክ ቢመጣም ግን ይህን ለብቻ ፈትሹ፦ አዲሱን መስመር ዴልታ ከመከፈሉ በፊት ጨምራችሁ ድርሻ እንዳትሰጡት።

9. ዴልታን ከዳታ አውጡ

የዙሩን ብዛት ዳታችሁ ባለው የቋጠሮ ብዛት ልክ አድርጉ። አዲሱ ቋጠሮ የሚዘረጋው መስመር የአማካይ የመስመር ብዛት ግማሽ ነው። በዓለም አየር ማረፊያዎች አማካዩ 9.7 ስለሆነ 5 አካባቢ ይመጣል።

ዴልታ ላይ ጨዋታው ያምራል። ሞዴሉ ትንንሽ ቋጠሮዎች እጅግ ብዙ፣ ግዙፎች ጥቂት የሆኑበት ሥርጭት ይሰጣል። የጥንካሬው ኤክስፖነንት፣ ማለትም ግዙፎቹ ምን ያህል ቶሎ እየተመናመኑ እንደሚሄዱ የሚነግረው ቁጥር፣ እንዲህ ነው፦ (4 ጊዜ ዴልታ ሲደመር 3) ለ(2 ጊዜ ዴልታ ሲደመር 1) ተካፍሎ። ዴልታ ዜሮ ከሆነ 3 ይመጣል፤ የባራባሺና የአልበርት ሞዴል ማለት ነው። 0.5 ከሆነ 2.5፤ 1 ከሆነ 2.33፤ 2 ከሆነ 2.2። የመስመሮቹ ክብደት ኤክስፖነንት ደግሞ 2 ሲደመር 1 ለዴልታ ነው።

ስለዚህ ሁለት ቀመር፣ አንድ ዴልታ። የጥንካሬውን ኤክስፖነንት ከዳታ ለኩና ዴልታን አውጡ። ያ ዴልታ የክብደቱን ኤክስፖነንት ይነግራችኋል፤ ሄዳችሁ ከዳታው ጋር አስተያዩት። ለምሳሌ ጥንካሬው 2.5 ቢሰጣችሁ ዴልታ 0.5 ነው፤ ክብደቱ 4 መሆን አለበት። ዳታው ላይ 2.5 ካገኛችሁ ግን እሱ የሚፈልገው ዴልታ 2 ነው። አልተስማሙም። ቁጥሩን ጠምዝዛችሁ አታስታርቋቸው፤ ሞዴሉ ለዚህ መረብ አይሆንም ማለት ነው።

ኤክስፖነንቱን በሎጋሪዝም ሥዕል ላይ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ አትለኩ። ጫፉ ላይ ያሉት ጥቂት ነጥቦች ያሳስቷችኋል። ክላውሴት፣ ሻሊዚና ኒውማን እ.ኤ.አ. በ2009 ያብራሩትን የማክሲመም ላይክሊሁድ ዘዴ ተጠቀሙ፤ ያላችሁን ዳታ የማምጣት ዕድሉ ከሁሉ የሚበልጠውን ቁጥር ይመርጣል፤ በፓይተን ዝግጁ ሆኖ አለ። ሞዴሉንም አንዴ ብቻ አታስኪዱት። ሎተሪ ነው፤ ቢያንስ 50 ጊዜ ይሂድ።

10. ስሎፑ 1.5 እምቢ ሲላችሁ

እምቢ ይላችኋል። ከላይ ያለው ሞዴል የሚሰጠው ጥንካሬ የመስመርን ብዛት በቀጥታ የሚከተል ነው፤ ስሎፑ 1 ነው። ዴልታን የፈለጋችሁትን ያህል ብትቀይሩ የአየር ማረፊያዎቹን 1.5 አታገኙም። ተማሪዎች እዚህ ላይ ሳምንት ሲያባክኑ አይቻለሁ።

የጎደለው ርቀት ነው። ሩቅ መስመር ውድ ስለሆነ ትንሽ ማረፊያ አይሞክረውም። ሩቁ በረራ ትልልቆቹ ጋ ይከማቻል። ባራ፣ ባርተለሚና ቬስፒኛኒ እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን ጨምረዋል። እናንተም ከደረጃ 8 አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ለእያንዳንዱ ቋጠሮ በካርታ ላይ ቦታ ስጡት። የሎተሪ ቲኬቱ ጥንካሬው ብቻ መሆኑ ይቅርና ከአዲሱ ቋጠሮ በራቀ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይቀንስ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይ።

ከዚያ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱና ስሎፑን እንደገና ለኩ። የርቀቱ ቅጣት ሲጠነክር ከ1 በላይ መውጣት ይጀምራል።